ስለ ቀይ ድንክ ኮከቦች ትናንሽ ፕላኔቶች፦ ፊዚክስ ለሚማሩ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ሻይ ይዘን ስንጨዋወት፣ የፊዚክስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ማንም ሄዶ ያልረገጠውን፣ ፎቶግራፍ እንኳ ያልተነሣውን ፕላኔት ‹ግማሹ ውኃ ነው› ብለው ሲጽፉ በምን አውቀው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቃል የመለስኩለት አጭር ስለነበረ በጽሑፍ ላሟላው ቃል ገባሁ። ሆኖም ጥያቄው ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ከጠየቀችኝ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘሁትና የዚያን ጊዜውን ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ይህ ደብዳቤ ከምክርነቱ ትዝታነቱ ቢያመዝን እንዳትቀየሙኝ። ጠንክራችሁ አጥኑ፣ ሒሳብ አትፍሩ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ የሚለውን እንደሆነ ወላጆቻችሁ በየቀኑ ስለሚነግሯችሁ እኔ አልደግመውም።

የመለኪያው መነሻ ለማንኛችሁም አይከብድም። አንድ ፕላኔት ከእኛ እይታ አንጻር በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ከቀነሰው ብርሃን የፕላኔቱ ሬዲየስ የኮከቡን ስንት እጅ እንደሚሆን ይሰላል። ፕላኔቱ በበኩሉ በስበቱ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስለሚጎትተው፣ የኮከቡ ብርሃን በየቀለሙ ሲዘረጋ በሚታየው ስፔክትረም ላይ ያሉት መስመሮች አንዴ ወደ ሰማያዊው፣ አንዴ ወደ ቀዩ ፈቀቅ ይላሉ፤ ከዚያ ደግሞ መጠነ ቁሱ ይገኛል። መጠነ ቁሱን ለይዘቱ ስናካፍል እፍጋቱን እናገኛለን። የመሬት አማካይ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 5.5 ግራም ነው፤ የውኃ 1 ግራም ነው።

ቀይ ድንክ የሚባሉት፣ ከፀሐይ ያነሱና የቀዘቀዙ ኮከቦች ለዚህ ሥራ የተመረጡት በትንሽነታቸው ነው። መሬትን የምታህል ፕላኔት በፀሐያችን ፊት ስታልፍ የሚቀንሰው ብርሃን ከአሥር ሺህ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፀሐይም በመሬት ስበት የምትወዛወዘው በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሬዲየሱ የፀሐይን አንድ አምስተኛ በሚሆን ቀይ ድንክ ፊት ስታልፍ ግን ያቺው ፕላኔት 25 እጥፍ የጎላ ምልክት ትሰጣለች፤ ኮከቡም ቀላል ስለሆነ ይበልጥ ይወዛወዛል። ከጋላክሲያችን ኮከቦች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ከዚሁ ወገን ቢሆኑም፣ ከደብዛዛነታቸው የተነሣ ያለ መሣሪያ በዓይን ለመታየት አይበቁም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ በዴቪድ ሻርቦኖ የሚመራ የአሜሪካ ቡድን፣ አሪዞና ተራራ ላይ በተተከሉና እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በያዙ ስምንት ቴሌስኮፖች አንድ ቀይ ድንክ ሲከታተል ቆይቶ፣ ጂ.ጄ. 1214 ቢ የተባለውን ፕላኔት ማግኘቱን አስታወቀ። መጠነ ቁሱ የመሬትን 6.5 እጥፍ፣ ሬዲየሱ 2.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ እፍጋቱም ከ2 ግራም በታች ወርዶ 1.87 ሆነ። እኔ ያን ጊዜ የማስተምረው በሌላ ከተማ ነበር፤ የተቋሙን ስም መጥራት ለማንም አይጠቅምም። ዜናውን ያመጣችልኝ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትፈልግ የነበረች ተማሪዬ ናት። ጽሑፉን ኢንተርኔት ቤት ገብታ በገጽ እየከፈለች አሳትማው ነበር፤ ገንዘቧ ስላልበቃ የመጨረሻዎቹ ገጾች ጎድለዋል። ቢሮዬ ገብታ ሳትቀመጥ፣ «መምህር፣ 1.87 ማለት ምን ማለት ነው? ድንጋይ እንዳይሆን ቀለለ፣ ውኃ እንዳይሆን ከበደ» አለችኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ድንጋዮች ነበሩኝ። ሁለቱንም ከሐዋሳ ሐይቅ በስተሰሜን ካለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢ ነው ያመጣኋቸው፤ አንደኛው ኦብሲዲያን የሚባለው ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ባልጩት ሲሆን፣ ሁለተኛው የብሎኬት ሠራተኞች ፑሚስ የሚሉት ግራጫ ድንጋይ ነው። ክር አስረን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመርናቸው። ባልጩቱ ወዲያው ሰጠመ፤ ፑሚሱ ተንሳፈፈ። ከዚያ በተማሪዎች ቤተ ሙከራ ሚዛን ለካቻቸውና የባልጩቱን እፍጋት 2.4፣ የፑሚሱን ከ1 በታች አገኘች። ሁለቱ ግን ከአንድ ዓይነት የቀለጠ አለት የወጡ፣ በኬሚካል ይዘታቸው የማይለያዩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ፑሚሱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀረው የጋዝ አረፋ ነው። ይህን ስነግራት ድንጋዩን በጣቷ እያገላበጠች ጥቂት ዝም አለችና፣ «እንግዲያው 1.87 ስንት ዓይነት መልስ እንዳለው ልቁጠረዋ» አለች። በማስተማር ዘመኔ ከተማሪ አፍ ከሰማኋቸው ንግግሮች ይህን የሚያህል ያስደሰተኝ የለም።

ቆጠራው እንዲህ ነበር የሚሠራው። ፕላኔቱን እንደ ሽንኩርት በቀጫጭን ንብርብር ትከፋፍሉታላችሁ፤ በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ ከበላዩ ያለው ሁሉ ሸክም ያርፍበታል፤ በዚያ ግፊት ውስጥ ብረት፣ አለት፣ በረዶ ወይም ሃይድሮጅን ምን ያህል እንደሚታመቅ ከቤተ ሙከራ ውጤቶች ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ በማዕከሉ ላይ አንድ ግፊት ገምታችሁ ንብርብር በንብርብር ወደ ውጭ ትደምራላችሁ። ላይ ስትደርሱ የተለካው መጠነ ቁስና ሬዲየስ ካልወጣ፣ ግምቱን ቀይራችሁ ከመጀመሪያው ትነሣላችሁ። እኔ ኮምፒውተር ከመንካቷ በፊት በእጅ እንድትሠራው አዘዝኳት። ባለአራት ማዕዘን ደብተር ገዝታ፣ በግራ ዓምድ ግፊቱን፣ በመሐል እፍጋቱን፣ በቀኝ የተጠራቀመውን መጠነ ቁስ እየጻፈች፣ ያልተሳካውን ሙከራ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ በማእዘን ሠርዛ ቀጠለች። ስትሰርዝ ከሥሩ ያለው ቁጥር እንዲነበብ ትጠነቀቅ ነበር፤ «ለምን አታጠፊውም?» ስላት፣ «የቱ ጋ እንደወጣ ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ። በኋላ ፎርትራን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ጻፈችለት። የኮምፒውተር ክፍሉ መብራት በየሰዓቱ ይጠፋ ስለነበር ፕሮግራሙ በየጊዜው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ አድርጋ አሻሻለችው፤ ይህን ብልሃት ማንም አላስተማራትም።

የእጅ ሥራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓመት በፈጀ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ ነው ያዳናት። ምክሬ ግን ዛሬም መጀመሪያ በእጅ ሥሩ ነው።

ውጤቷ ሁለት መንገድ ሰጠ። ፕላኔቱ ብረትና አለት ሆኖ፣ ከመጠነ ቁሱ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ የሚሆን ሃይድሮጅን ከላይ ቢለብስ 1.87 ይወጣል፤ ይህን ያህል ጋዝ ክብደት ሳይጨምር ሬዲየሱን ይነፋዋልና። አለቱ ብዙ ውኃ ተሸክሞ፣ ውኃው ከኮከቡ ሙቀት የተነሣ ከላይ ወፍራም እንፋሎት ቢሆንም 1.87 ይወጣል። ከመጠነ ቁስና ከሬዲየስ ብቻ የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይህንን በግራፍ ሥላ፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ እያሳየችኝ፣ «መምህር፣ እዚህ ላይ ቴሌስኮፕ እንጂ እኔ አልመልሰውም» አለች።

ርዕሱን ለክፍሉ ኮሚቴ አቀረብን። ውይይቱ አልረዘመም። ለአገሪቱ ልማት የሚሰጠው ጥቅም አልታየም፣ ቤተ ሙከራም አይጠይቅም፣ ስለዚህ ሥራ ሊባል አይችልም ተባለ። ወረቀት፣ ኮምፒውተርና ጭንቅላት ብቻ የሚፈልግ ምርምር ለድሃ አገር ከሁሉ የቀረበ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ የደገፈኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ርዕስ ተሰጣት፤ በጥሩ ውጤት ተመረቀች፤ ዛሬ በኢንሹራንስ ሥራ ላይ ናት፤ ለበዓል እንደዋወላለን። ኑሮዋን አሳምራለችና አዝኜላት አይደለም። የቆጨኝ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌስሊ ሮጀርስና ሣራ ሲገር በአስትሮፊዚክስ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ፕላኔት የጋዝ ሽፋን ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ አመጣጦችን ሲያወጡ ነው። የእነሱ ሥራ ከእሷ እጅግ የጠለቀና የተሟላ ነው፤ ትቀድማቸው ነበር የሚል የለም። ነገር ግን ጽሑፉን ሳነብ የንብርብሩ አሠራር፣ የግፊቱ ግምት፣ ‹ከእነዚህ ውስጥ መለየት አይቻልም› የሚለው መደምደሚያ ሁሉ ያንን ባለአራት ማዕዘን ደብተር አስታወሰኝ። ጥያቄው በዓለም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄ ሲባል፣ እኛ ጋ ጥያቄ አይደለም ተብሎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ለየአገሩ ኮከብና ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ‹ቡና›፣ ፕላኔቱ ‹አቦል› ተባለ። ያን ሰሞን ስልክ ደወለችልኝ፤ አቦል ከጁፒተር የሚከብድ የጋዝ ግዙፍ መሆኑን አንብባ፣ «የእኔዋ ትሻላለች፣ ቢያንስ ግራ ታጋባለች» ብላ አሳቀችኝ። ‹የእሷዋ› ጂ.ጄ. 1214 ቢ ደግሞ በኋላ ኬንያውያን ባቀረቡት ስም ኤናይፖሻ ተብላለች።

የኤናይፖሻ ነገር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2014 ላውራ ክራይድበርግና ባልደረቦቿ በሐብል ቴሌስኮፕ ከባቢ አየሯን ሲመረምሩ፣ የጋዞች አሻራ ይታያል በተባለበት ቦታ ሁሉ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ አገኙ፤ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ደመና ወይም ጭጋግ ጋርዷት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮከቡና እንቅስቃሴው በተሻለ ሲለኩ መጠነ ቁሷ ከ6.5 ወደ 8.2 እጥፍ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የቀን ገጿ 280፣ የሌሊት ገጿ 165 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆኑን፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጭጋግ እንዳላት፣ ከባቢ አየሯም ከንጹሕ ሃይድሮጅን የከበደ እንደሆነ አሳየ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጭጋጉ በታች ያለው አካሏ ውኃ የበዛበት ይሁን አለት የበዛበት በእርግጠኝነት አልተነገረም።

አሁን የወጣቱን ‹ግማሹ ውኃ› ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤንጃሚን ፉልተንና ባልደረቦቹ፣ ፀሐይን በሚመስሉ ኮከቦች ዙሪያ ሬዲየሳቸው ከመሬት 1.5 እስከ 2 እጥፍ የሚሆን ፕላኔቶች ከሌሎቹ ያነሱ መሆናቸውን አሳዩ፤ ከክፍተቱ በታች አለታማዎቹ፣ ከላይ ደግሞ ጋዝ የለበሱት ናቸው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ራፋኤል ሉኬና ኤንሪክ ፓዬ በቀይ ድንኮች ዙሪያ በጥንቃቄ የተለኩ 34 ትናንሽ ፕላኔቶችን አሰልፈው፣ እዚህ ወሳኙ ሬዲየስ ሳይሆን እፍጋት ነው አሉ፤ ፕላኔቶቹንም አለታማ፣ ግማሽ ውኃ ግማሽ አለት፣ እንዲሁም ጋዝ የለበሱ ብለው በሦስት ከፈሏቸው። ወዲያው በዓመቱ ጄምስ ሮጀርስ፣ ሒልኬ ሽሊክቲንግና ጄምስ ኦወን፣ ሃይድሮጅን ለብሰው ቀስ በቀስ ያበነኑ አለታማ ፕላኔቶችም በዚያው ግራፍ ላይ በዚያው ቦታ ሊቀመጡ እንደሚችሉ አሳዩና፣ ስለ ውኃማዎቹ የማያሻማ ማስረጃ ገና እንደሌለ ጻፉ። ተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ የደረሰችበት የመስመሮች መገናኛ ነው እንግዲህ፤ አሁን በአንድ ፕላኔት ፈንታ በደርዘኖች ላይ ሆነ።

ከዚህ ውስጥ ለእናንተ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፤ ፕላኔቱን ከማወቃችሁ በፊት ኮከቡን እወቁ። የፕላኔቱ ሬዲየስም መጠነ ቁስም የሚነገሩት በኮከቡ ልኬት ተመርኩዘው ነው። እፍጋት በሬዲየሱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚካፈል፣ በኮከቡ ሬዲየስ ላይ ያለ 3 በመቶ ስህተት በእፍጋቱ ላይ ወደ 9 በመቶ ያድጋል። ቀይ ድንኮች ደግሞ ለመለካት የሚመቹ አይደሉም፤ ፊታቸው በጥቁር ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል፣ ነጠብጣቡም ኮከቡ ሲሽከረከር የፕላኔት ጉተታ ሊመስል ይችላል፤ ከባቢያቸው ቀዝቃዛ ስለሆነ እንደ ቲታኒየም ኦክሳይድ ያሉ ሞለኪውሎች ስፔክትረሙን ስለሚሸፍኑት የብረት፣ የማግኒዚየምና የሲሊከን መጠናቸውን ማንበብ ያስቸግራል። ፕላኔቱ ከኮከቡ ጋር ከአንድ ደመና የተወለደ በመሆኑ ይህ መጠን ቢታወቅ ኖሮ የብረት እምብርቱን መጠን ለመገመት ይረዳ ነበር። ትራፒስት-1 የተባለው ቀይ ድንክ ሰባት ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲጎተቱ የሚያልፉበት ሰዓት ስለሚዛነፍ መጠነ ቁሳቸው በጥሩ ጥራት ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በኤሪክ አጎል የተመራው ጥናት ሁሉም እንደ መሬት ቢሠሩ ሊኖራቸው ከሚገባው እፍጋት በ8 በመቶ ገደማ እንደሚያንሱ አሳየ። ብረት አንሶ ይሁን፣ ብረቱ በኦክስጅን ተበልቶ ይሁን፣ ውኃ ኖሮ ይሁን፣ አሁንም ምርጫው ከአንድ በላይ ነው።

ይህን ግራ መጋባት ለመፍታት የሚረዳው ሌላ ዓይነት ልኬት ሲጨመር ነው። ኤል.ኤች.ኤስ. 3844 ቢ የተባለው ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ2019 በስፒትዘር ቴሌስኮፕ ሲታይ የሌሊት ገጹ ሙቀት አልሰጠም፤ ሙቀቱን ከቀን ወደ ሌሊት የሚያሻግር ወፍራም ከባቢ አየር የለውም ማለት ነው፤ ገጹም እንደ እኛ ስምጥ ሸለቆ ጥቁር ባሳልት የጨለመ መሰለ። የትራፒስት-1 ቢ የቀን ሙቀትም እ.ኤ.አ. በ2023 በዌብ ሲለካ ከባቢ አየር ከሌለው አለት ከሚጠበቀው ጋር ገጠመ። እንዲህ ጋዝ የሌለበት ሲገኝ እፍጋቱ ስለ አለቱና ስለ ብረቱ ብቻ ይናገራል።

ስለ እናንተ ትውልድ ያለኝን ልናገርና አትቆጡ። ‹ሕይወት ይኖራል?› የሚለውን ጥያቄ እጅግ ትወዱታላችሁ፤ ‹ከምን ተሠራ?› የሚለውን ግን ትዘሉታላችሁ። ኬ2-18 ቢ በተባለው ፕላኔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 በሐብል የውኃ እንፋሎት ታየ ሲባል ስልኮቻችሁ ሁሉ ስለሱ ነበር የሚያወሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዌብ ሲመለከተው የጎላው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ሲገኝና የቀድሞው ምልክት የሚቴን ሳይሆን እንዳልቀረ ሲነገር ግን ማንም ደውሎ አልነገረኝም። ስልካችሁን ዘግታችሁ አንድ የምርምር ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። በአንጻሩ የዛሬ ልኬቶች አብዛኞቹ ለማንም ክፍት ሆነው የተቀመጡት በዚያው ስልክ በምትገቡበት ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ፣ ተማሪዬ በገጽ የከፈለችበትን እናንተ በነጻ ታገኛላችሁ፤ ፕሮግራም መጻፍም ከእኛ ይልቅ ይቀናችኋል። ውጭ ሄዳችሁ እንድትቀሩ አልመክርም፤ ዕድሉ ከመጣ ግን ሂዱ። ርዕሳችሁን ኮሚቴ ቢጥለውም ማታ ማታ ሥሩት፤ ደብተር ማንም አይከለክልም።

ለመጀመሪያ የሚሆን ሥራ ልስጣችሁ። ኤል.ኤች.ኤስ. 1140 ቢ ከእኛ 49 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ በቀይ ድንክ ዙሪያ ይዞራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ልኬት መጠነ ቁሱ የመሬት 5.6 እጥፍ፣ ሬዲየሱ 1.73 እጥፍ ነው። እፍጋቱን በእጃችሁ አስሉ፤ 5.9 አካባቢ ይሰጣችኋል። ከመሬት እፍጋት በላይ ስለሆነ አለት ነው ብላችሁ አትነሡ፤ ይህን የሚያህል መጠነ ቁስ ራሱን ስለሚያምቅ እንደ መሬት ቢሠራ ኖሮ ከ7 በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቀላል ነገር ጨምሯል፤ ውኃ ሊሆን ይችላል፣ ስስ ሃይድሮጅን ሊሆን ይችላል፣ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ለሦስቱም እያንዳንዳቸው ምን ያህል ቢሆን 5.9 እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ በአሥር ንብርብር በወረቀት፣ ከዚያ በፕሮግራም ሥሩ፤ ሬዲየሱ በ1.4፣ መጠነ ቁሱ በ3.4 በመቶ ሊዛነፍ እንደሚችልም አስገቡበት። የጨረሳችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ስለምገኝ የሰረዛችሁትን ጭምር ይዛችሁ ኑ።